ስለ ዓሣው የሚጠየቀው ማን ነው?

በአንድ የነሐሴ ቀን ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ መንደር ሕመምተኛ ልጠይቅ በመሄድ ላይ ሳለሁ ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያው ስለ ተዘጋ፣ ከሌሎች መንገደኞች ጋር በዳርቻው ተቀምጬ ውኃው እስኪጎድል ድረስ ለመጠበቅ ተገደድሁ። ከተራራው የወረደው ጎርፍ ደፍርሶ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ፣ ወደ ምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ ይጋልብ ነበር። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ውኃውን አተኩረው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ይህን ሁሉ ሲሳይ እያየን ማሳለፋችን ነው። በየካቲት ይኸው ወንዝ አሸዋው ቢማስ እንኳ ለጥጃ የሚበቃ አይወጣውም። ምነው የሚገድብልን በተገኘ!» አሉ። በዚያው የነበረ አንድ ተማሪ፣ «ግድብ ሲሠራ እኮ በወንዙ ያለው ዓሣ፣ በዳርቻው ያለው አውሬም ይጎዳል» ሲል መለሰላቸው። ሽማግሌው ወደ ልጁ ዞር አሉና ያለ አንዳች ቁጣ፣ «ልጄ፣ በሰባ ሰባት ሁለት ልጆቼን በአንድ ሳምንት ስቀብር ስለ እኔ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ ስለ ዓሣው የሚጠይቅ ተገኘ?» አሉት። ከዚያም ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው፣ «እስቲ አባ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ።

በዚያች ሰዓት አልፈረድሁም። እንዲህ ባለ ኀዘን ፊት ቸኩሎ መናገር ኀዘኑን ማቃለል መስሎ ታየኝ። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከእኔ ጋር ወንዙን ተሻግሮ መጣ። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ በቆየበት ምድር የምንኖር ክርስቲያኖች፣ ውኃ ይገደብ የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ስለ ዓሣና ስለ ዱር እንስሳት እንድናስብ ግዴታ አለብንን? ወይስ ይህ የጠገበ ሰው ጭንቀት ነው? ውድ አንባብያን፣ ይህች ጽሑፍ ለሽማግሌውም ለተማሪውም ያልሰጠሁትን መልስ ለመስጠት የምትሞክር ናት።

የተገደበ ወንዝ ምን ይሆናል?

«ውኃን ከጥሩው፣ ነገርን ከሥሩ» እንዲሉ፣ ከፍርድ አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። ወንዝ ለዓሣ ቤቱም መንገዱም ነው። ብዙ ዓይነት ዓሦች ከሚያድጉበት ጥልቅ ውኃ ተነሥተው፣ በክረምት ወራት ወንዙን ወደ ላይ በመውጣት፣ ጠጠር በተነጠፈበት፣ ንጹሕና ፈጣን ውኃ በሚፈስስበት ቦታ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ግድብ በመካከል ሲቆም ይህ መንገድ ይዘጋል። ሁለተኛም፣ ይፈስ የነበረው ውኃ ከግድቡ በስተ ኋላ ይተኛል፤ ፈሳሽ ውኃ የለመደው ፍጥረት ይጠፋና የተኛ ውኃ የሚስማማው ይበዛል። ሦስተኛም፣ ወንዙ ተሸክሞት ይወርድ የነበረው ደለል በግድቡ ይቀራል፤ የታችኛው ሜዳ በየዓመቱ ያገኘው የነበረው ለም አፈር ይቀርበታል። ከጥልቁ የሚለቀቀውም ውኃ ቀዝቃዛና አየር ያነሰው ሊሆን ይችላል። አራተኛም፣ የወንዙ ጊዜ ይለወጣል። በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚጎድለው ወንዝ የሚለቀቀው ሰው ሲፈልገው ብቻ ይሆናል፤ ዓሣውም፣ የዳርቻው ሾላና ወርካም፣ ውኃ ሊጠጣ የሚወርደው አውሬም የሚያውቁት ሰዓት ይጠፋባቸዋል።

ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በጣና ሐይቅ፣ ተመራማሪዎች በተለምዶ ነጭ ዓሣ ከምንለው ወገን 17 ዓይነቶችን ለይተዋል፤ ከእነዚህም 15ቱ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ በማናቸውም ስፍራ አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ስለለያቸው፣ በዚያ ሐይቅ ውስጥ ለብቻቸው እየተለያዩ የበዙ ናቸው። ከእነርሱም ቢያንስ ሰባቱ በክረምት ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎችም ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በ1978 ዓ.ም. በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ የሚካሄድ ዓሣ ማስገር በሐይቁ ተጀመረ። መረቡ በተለይ በመራቢያ ወራት በወንዞቹ አፍ ላይ ይጣል ስለነበር፣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ገደማ ባሉት ዓመታት ብቻ ወደ ወንዝ የሚወጡት የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ያን ያህል ጉዳት ያደረሰው ግድብ አልነበረም፤ በር ላይ የተዘረጋ መረብ ነበር። መረብ ማታ ይነሣል፤ ግንብ ግን አይነሣም። ከዚያ ወዲህ ከጉና ተራራ በሚመነጨው በዚያው በርብ ወንዝ ላይ፣ ለፎገራ ገበሬዎች የመስኖ ውኃ እንዲሰጥ፣ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና ወደ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ግድብ ተሠርቷል። የፎገራ ገበሬ ውኃ ማግኘቱ መልካም ነው። ነገር ግን ዓሣው ከግድቡ በላይ ወዳለው የወንዙ ክፍል መውጣት አይችልም፤ ከግድቡ በታች ያለው መራቢያውም የሚኖረው ከላይ በሚለቀቅለት ውኃ መጠን ነው።

የዓሦች መብዛትና የዓይነቶች መጥፋት

እውነትን ለመናገር ግን ግድብ ዓሣን ሁሉ ያጠፋል ማለት ሐሰት ነው። ከእኛው ከሰሜን ወሎ ደጋ የሚመነጨው የተከዜ ወንዝ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀውና 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ከተያዘ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት ዓሣ ማስገርን እንደ ሙያ የማያውቁ የዋግ ኽምራ ወጣቶች በሐይቁ ላይ ቀረሶና አምባዛ እያሰገሩ ቤተ ሰብ ያስተዳድራሉ። እንዲሁም የሀብሩ ጎረቤት በሆነው፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም በሚገኝበት በሐይቅ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቀረሶ ከሌላ ቦታ ተወስዶ ተጨምሮበታል። ዛሬ ከወልድያ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው በሐይቅ ከተማ የሚቀርብለት ዓሣ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ይህ ምግብ ነው፤ ምግብንም የሚንቅ ረሃብን ያላየ ብቻ ነው።

ነገር ግን በዚያው በሐይቅ፣ ቀረሶው ከገባ ወዲህ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉት ጥቃቅን ፍጥረታት ዓይነትና ብዛት እንደ ቀድሞው አለመሆኑን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ዓሣ በኪሎ ሲመዘን ሊበዛ ይችላል፤ በዓይነት ሲቈጠር ግን ሊያንስ ይችላል። የትም ቦታ መኖር የሚችለው ይበዛል፤ አንድ ቦታ ብቻ መኖር የሚችለው ይጠፋል። እንግዲህ የተማሪው ጥያቄ በትክክል ሲቀመጥ «ዓሣ ይኖራል ወይስ አይኖርም?» አይደለም፤ «የሚጠፋው የትኛው ነው? ከጠፋስ በኋላ መመለስ ይቻላልን?» የሚል ነው። ሰው ያጎደለውን እህል በሚቀጥለው ክረምት ይተካል፤ እግዚአብሔር የፈጠረውን ዓይነት ግን አንድ ጊዜ ካጠፋው ሊተካው አይችልም። የዚህ ነገር ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከእኛ በታች ያለው አገር

የሀብሩና የጉባ ላፍቶ ወንዞች በእኛ ዘንድ አያበቁም። ከደጋው ወርደው፣ ሜዳችንን አቋርጠው፣ ወደ አፋር ቆላ ይሄዳሉ። ለእኛ የሚባክን የመሰለን ጎርፍ በዚያ በረሃ ለሚኖር አርብቶ አደር የግጦሽ ሣር ነው። ለዱር እንስሳትም እንዲሁ። በአፋር፣ በያንጉዲ ራሳና በዙሪያው፣ በዓለም ላይ ከመጥፋት አፋፍ ከደረሱት ታላላቅ እንስሳት አንዱ የሆነው የአፍሪካ የዱር አህያ ይኖራል። ቍጥሩ ቢበዛ ጥቂት መቶ ነው፤ የሚገኘውም በእኛ አገርና በኤርትራ ነው። ይህ እንስሳ በየቤታችን እህልና ውኃ ተሸክሞ ሸክማችንን ያቀለለው የአህያችን ቅድመ አያት ነው። ቅዱስ መጽሐፍን የሚያነብ ሰው በመጽሐፈ ኢዮብ 39ኛው ምዕራፍ፣ እግዚአብሔር ኢዮብን ሲጠይቀው፣ የሜዳውን አህያ ማን አርነት እንዳወጣውና በረሃን ቤት አድርጎ የሰጠው ማን እንደ ሆነ እንዳነሣበት ያስታውሳል። ለሰው ምንም የማያገለግል፣ የነጂን ጩኸት የማይሰማ እንስሳ በፈጣሪው ዘንድ ስሙ ተጠርቷል፤ ርስትም ተቈርጦለታል።

በሀብሩ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ግድብ ይህን እንስሳ ያጠፋዋል አልልም፤ እንዲህ ያለ ማጋነን እውነትን ይጎዳል። ነገር ግን በረሃው የሚኖረው ከደጋ በሚወርዱ ብዙ ትናንሽ ውኃዎች ነው። እያንዳንዱ ወረዳ «የእኔ ትንሽ ናት» እያለ የየራሱን ቢያስቀር፣ ማንም በብቻው ያላጠፋውን ሁሉም በአንድነት ያጠፉታል። ታላላቆቹ ግድቦች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3ኛ ግድብ ለአገራችን ብዙ ኃይል ሰጥቷል። ከግድቡ በታች ግን ከጎርፉ መሸሽ በኋላ በእርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩ ሕዝቦች የለመዱትን ጎርፍ አጥተዋል። ወንዙ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅ ያሉት ብሔራዊ ፓርኮችም እ.ኤ.አ. በ2018 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።

የውኃ ሕይወት ሲለወጥ የሰው ሕይወት አብሮ እንደሚለወጥም መርሳት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት፣ በትግራይ በትናንሽ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የታየው የወባ በሽታ ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ግድቡ የተሠራው እነዚያን ልጆች ለመመገብ ነበር። ስለዚህ «ሰው ይቅደም» የሚል ሰው፣ ለሰው ሲል ብቻ እንኳ ቢሆን፣ ስለ ውኃው ፍጥረት መጠየቅ አለበት።

ሁለት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች

ወደ ፍርዱ እንምጣ። በዚህ ጉዳይ ላይ በሁለት ወገን የሚገኙ ሁለት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች አሉ። የመጀመሪያው ፍጥረት ሁሉ የተፈጠረው ለሰው ጥቅም ብቻ ስለሆነ ሰው እንደ ፈለገ ሊያደርገው ይችላል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰው ከእንስሳት አንዱ እንጂ ከዚያ የበለጠ ክብር የለውም፤ ስለዚህ የዓሣው ሕይወትና የሕፃኑ ሕይወት በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ የሚለው ነው።

ሁለተኛውን ቤተ ክርስቲያን አትቀበልም። ሰው በእግዚአብሔር መልክና ምሳሌ ተፈጥሯል፤ የእግዚአብሔር ልጅም ሥጋ የለበሰው ሰውን ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ሰው እንስሳትን ለምግቡና ለልብሱ ሊጠቀምባቸው እንደሚችል፣ የሰውን ችግር ለማቃለል ሊውል የሚገባውን ገንዘብ በእንስሳት ላይ ማባከንም ተገቢ እንዳልሆነ ያስተምራል። በወንዙ ዳር የተቀመጡት ሽማግሌ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

ነገር ግን ይኸው ትምህርተ ክርስቶስ የመጀመሪያውንም አስተሳሰብ አይቀበልም። የሰው ሥልጣን ፍጹም እንዳልሆነ፣ የባልንጀራን ኑሮና የሚመጣውን ትውልድ ጭምር በማሰብ እንደሚለካ፣ ለፍጥረትም አክብሮት እንደሚገባ ያስተምራል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩይኖ ፍጥረታት ለምን በዙ፣ ለምንስ ተለያዩ ብሎ ጠይቆ ሲመልስ፣ የእግዚአብሔርን ቸርነት አንድ ፍጥረት ብቻውን ሊገልጠው ስለማይችል፣ አንዱ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላ ብዙና ልዩ ልዩ አድርጎ እንደ ፈጠራቸው ያስረዳል። እንደዚህ ከሆነ አንድን ዓይነት ፍጥረት ከምድር ማጥፋት ስለ እግዚአብሔር ከሚናገሩት ምስክሮች አንዱን ዝም ማሰኘት ነው። ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ እያንዳንዱ ፍጥረት ለእኛ ከሚሰጠው ጥቅም ሌላ የራሱ የሆነ ዋጋ እንዳለው፣ የምድርና የድኾች ጩኸትም ተለያይተው የማይሰሙ መሆናቸውን አስተምረዋል።

የእኛም የግዕዝ ሥርዓት ይህን ያውቃል። በቅዳሴያችን ስለ ዝናማትና ስለ ወንዞች ውኃ እንጸልያለን። በነሐሴ የክረምቱ ዘመን ከፍሎች ከአንዱ «እጓለ ቋዓት» የሚል ስም እንሰጠዋለን፤ ይኸውም የቍራ ጫጩቶች ማለት ነው። በጾመ ነነዌ የዚያች ከተማ ከብቶች ከሰዎቹ ጋር መጾማቸውን እናነባለን፤ በመጽሐፉም መጨረሻ እግዚአብሔር ለዮናስ የምሕረቱን ምክንያት ሲነግረው ከሕፃናቱ ጋር እንስሳቱንም ቈጥሮ ነው። አንድ ሕዝብ የጸሎቱን ዘመን በቍራ ጫጩት ስም እየጠራ፣ ስለ ዓሣ መጠየቅ የእንግዳ ሰው ሐሳብ ነው ሊል አይችልም።

እናቲቱን ልቀቅ

የፍጥረት ጌትነታችን ወሰኑ የት እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ሕግ በኦሪት ዘዳግም 22ኛው ምዕራፍ እናገኛለን። አንድ ሰው በመንገድ ሲሄድ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ፣ እናቲቱም በጫጩቶቹ ወይም በዕንቁላሎቹ ላይ ተቀምጣ ቢሆን፣ ልጆቹን ሊወስድ ተፈቅዶለታል፤ እናቲቱን ግን እንዲለቅቃት ታዝዟል። ሕጉ ለተራበው ሰው «አትንካ» አላለውም፤ ብላ ብሎታል። ነገር ግን ፍሬውን እንጂ ምንጩን እንዳይወስድ ከልክሎታል። ለእኔ እንደሚመስለኝ ስለ ግድብ የሚሆን ፍርድ በዚህ ሕግ ውስጥ አለ፤ ይኸውም የሰው ችግር ከፍጥረት ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል፤ ዘሩን ጨርሶ ሊጠይቅ ግን አይችልም የሚል ነው።

ምናልባት አንባቢ «ትንሽ ዓሣ ይህን ያህል ክርክር ይገባታልን?» ይል ይሆናል። በአሜሪካ በቴነሲ እንዲህ ያለ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ሊቅ ቀንድ አውጣ የምትበላ፣ የጣት ርዝመት ያላት ዓሣ ግድብ ሊሠራበት በታሰበ ወንዝ ውስጥ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለእርሷ ሲል ሊያልቅ የተቃረበውን ግድብ አስቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤቱ ግድቡን ከሕጉ ነጻ ስላደረገው ወንዙ ተዘጋ። ዓሣዋ ግን ወደ ሌሎች ወንዞች ተወስዳ ስለነበር፣ በሌሎች ስፍራዎችም ስለተገኘች፣ ተረፈች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከአደጋ መዝገብ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ዓሣዋ ቀድሞ ከሚታወቅ ዓይነት የምትመደብ እንጂ ለብቻዋ የቆመች አይደለችም ብለው ጻፉ።

ይህን ታሪክ ሰምቶ የሚስቅ አለ። እኔ ግን ከዚህ የምማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ወንዙ ከመዘጋቱ በፊት የጠየቀ ሰው ስለነበረ ብቻ መትረፊያ የሚሆን መንገድ ተገኘ። ሁለተኛው፣ ለፍጥረት ያለብን ግዴታ በብርቅነቱ ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ፣ አንድ ሊቅ መዝገቡን በለወጠ ቍጥር ግዴታችን ይነሣል ይወድቃል ማለት ነው። ብርቅነት ጥፋቱ የማይመለስ መሆኑን ስለሚያሳይ ጥንቃቄውን ያከብደዋል፤ የግዴታው መሠረት ግን ሌላ ነው። ፍጥረቱ የእኛ ሳይሆን የፈጣሪው ነው፤ እኛም አደራ ተቀባዮች ነን። አደራ የተቀበለ ሰው ንብረቱ ውድ ቢሆንም ርካሽ ቢሆንም ይጠየቅበታል።

ለሽማግሌው የምሰጠው መልስ

አሁን ወደ ወንዙ ዳር ልመለስ። ሽማግሌው «ስለ እኔ የጠየቀ አልነበረም» ሲሉ የተናገሩት እውነት ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ሲያልቅ መንግሥት ረሃቡን ይደብቅ ነበር። በ1977 ዓ.ም. መባቻም በአዲስ አበባ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር በቆቦና በቆረም ሰው ይረግፍ ነበር። እኒህ አባት የተበደሉት በዝናብ ብቻ አልነበረም። በትልልቅ ሰዎች ሒሳብ ውስጥ ስላልተቈጠሩም ተበድለዋል።

ነገር ግን ከዚህ ኀዘን የሚወጣው ትክክለኛ ትምህርት «እንግዲያውስ ሌላም አይቈጠር» የሚል አይደለም። ለትልቁ ሥራ ሲል ትንሹን አላይም የሚል ዓይን ያኔ ገበሬውን አላየም፤ ዛሬ ዓሣውን አያይም፤ ነገ ደግሞ ከግድቡ በታች ያለውን አፋር ወይም ቤቱ በውኃ የሚዋጥበትን የገበሬውን የራሱን ጎረቤት አያይም። ያልተቈጠረ ሰው የመቈጠርን ዋጋ ከሌላው ይልቅ ያውቃል። ስለሆነም እኒያ ሽማግሌ ስለ ዓሣው ከሚጠይቁት ሰዎች ሊርቁ አይገባም፤ የመጀመሪያው ጠያቂ ሊሆኑ ይገባል።

ስለዚህ ለእርሳቸው እንዲህ እላለሁ፦ አባቴ፣ ውኃው ለልጆችዎ እንጀራ ከሆነና ሌላ መንገድ ከሌለ፣ ይገደብ። ሰው ይቀድማል። ነገር ግን መቅደም ብቻውን መኖር አይደለም። ከመገደቡ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ፤ እነርሱን ሳይጠይቁ መገደብ ኀጢአት ነው።

የመጀመሪያው፣ ውኃው የሚገደበው ለማን ነው? የተራበን ለማብላት ነው ወይስ ቀድሞ ላለው ሰው ለመጨመር? የተራበ ሰው ከፍጥረት ሊጠይቅ የሚችለውን ትርፍ ፈላጊ ሊጠይቅ አይችልም። ሁለተኛው፣ ጉዳቱ ያነሰ መንገድ አለን? የቆቦና የጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በጉድጓድ እየወጣ ሲለማ አይተናል፤ ተራራን በእርከንና በዛፍ ማልበስ ምንጭን ይመልሳል፤ ወንዙን ሙሉ በሙሉ ሳይዘጉ ከፊሉን በቦይ መጥለፍም ለአባቶቻችን አዲስ አልነበረም። እነዚህም ቢሆኑ በመጠን ካልሆኑ ይጎዳሉ። ሦስተኛው፣ ለወንዙ ድርሻው ይቀርለታልን? በበጋም ቢሆን ከግድቡ በታች የሚፈስ፣ በክረምትም ዓሣው በሚወጣበት ሰሞን የሚለቀቅ ውኃ አስቀድሞ ሊወሰን ይገባል፤ እንደሁኔታው ለዓሣ መወጣጫ መሥራትም ይቻላል። አራተኛው፣ በዚህ ስፍራ ብቻ የሚኖር ፍጥረት አለን? ካለ፣ እናቲቱ የምትለቀቅበት ቦታ ይህ ነውና ሌላ ስፍራ ይፈለግ። አምስተኛው፣ ከታች ያለው ሕዝብ ተጠይቋልን?

እነዚህ ጥያቄዎች ለአገራችን ሕግ እንግዳ አይደሉም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ92ኛው አንቀጹ የልማት ሥራ አካባቢን የሚያናጋ እንዳይሆን፣ የሚመለከተውም ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዝዛል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅም ጥናቱ ከሥራው እንዲቀድም ደንግጓል። ነገር ግን ሕግ የሚሠራው የሚጠይቅ ሲኖር ነው። ስብሰባ ሲጠራ የሚሄድ፣ የበጋውን ወንዝ የሚያውቅ፣ ዓሣው መቼ እንደሚወጣና አውሬው የት እንደሚጠጣ ሊናገር የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ይህን ከመሐንዲሱ ይልቅ እረኛው ያውቀዋል። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች ልጆችን አሥርቱን ትእዛዛት ስታስተምሩ «አትስረቅ» የሚለው ካልተወለደው ትውልድና መናገር ከማይችለው ፍጥረት መስረቅንም እንደሚከለክል ብታስረዱአቸው መልካም ነው።

ተማሪውንም አንድ ቃል ልበለው። ልጄ፣ ጥያቄህ ትክክል ነበር፤ የጠየቅህበት ሰዓት ግን ሌላ ቢሆን ይሻል ነበር። ስለ ዓሣ ከመናገርህ በፊት የእኒያን ሰው ልጆች ስም ብትጠይቃቸው ኖሮ ምናልባት ስለ ዓሣውም ይሰሙህ ነበር። ፍጥረትን እወዳለሁ የሚል፣ በአጠገቡ የተቀመጠውን ያዘነ ሰው ካላየ፣ ፍቅሩ ገና አልጀመረም። ይህን የምለው አንተን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ እኔም በዚያን ዕለት ስማቸውን አልጠየቅሁምና።

ወደ ማታ ውኃው ጎደለ። ሽማግሌው መሻገሪያውን ስለሚያውቁ በዱላቸው እየለኩ ቀደሙ፤ እኛም ተከተልናቸው። ተማሪው ክንዳቸውን ይዞ ነበር። ከወዲያኛው ዳርቻ ደርሰን ስንለያይ፣ «መልሱን አልነገሩኝም፣ አባ» አሉኝ። እነሆ ዘግይቼ ነገርኋቸው። ስለ ዓሣው የሚጠየቀው ማን ነው ቢሉ፣ አደራውን የተቀበለው ሰው ነው፤ ከሰውም መካከል አስቀድሞ የሚጠየቀው መናገር እየቻለ ዝም ያለው ነው።

ለውይይት

በየቁምስናው በቡድን ስትሰበሰቡ በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ብትወያዩ ይጠቅማችኋል።

1. በመንደራችሁ ባለው ወንዝ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረ፣ ዛሬ የማይታይ ዓሣ፣ ወፍ ወይም እንስሳ አለን? የጠፋበት ምክንያት ምን ይመስላችኋል?

2. «ሰው ይቀድማል» በሚለውና «ሰው ብቻ ነው» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት ከራሳችሁ ኑሮ ምሳሌ ሰጥታችሁ አስረዱ።

3. በአካባቢያችሁ የውኃ ሥራ ቢታሰብ፣ ከእናንተ በታች ስለሚኖሩት ሰዎች የሚናገር ማን ነው?

ሰውንም እንስሳንም የሚያድን አምላክ፣ የሰጠንን ውኃ ለመጠቀም ጥበብን፣ ለማካፈልም ልብን ይስጠን። አሜን።